ከመርከብ የተቆረጠ ብረት ይዤ ወደ ስማዳ

ብረት የሚከብደው በቅሎ ሲጠፋ ነው። ይህን የሚላችሁ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቆርጥና ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ምጽዋ ላይ በአንድ እጄ አንሥቼ ባቡር ላይ የጫንኩት ቁራጭ፣ ደብረ ታቦር ስደርስ ወገቤን ሊቆርጠው ምንም አልቀረውም። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን በእግራችሁ ለማትረግጡት ሰዎች መንገዱን ልንገራችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። መጀመሪያ ግን ምን ተሸክሜ እንደሄድኩ ስሙ።

በየነ እባላለሁ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ምጽዋ ተወለድኩ፤ እዚያው ወደብ ላይ የመርከብ በያጅ ሆኜ ቀረሁ። ደሳለኝ የስማዳ ልጅ ነበር። በእግሩም በጭነት መኪናም ተንጠልጥሎ ምጽዋ ደረሰ። ብየዳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በሁለት ዓመት በለጠኝ። የእጁን ነገር ብታዩ! መስመር ሳያሰምር የቆረጠው ብረት በክር የተለካ ይመስል ነበር። ኋላ አንድ የውጭ አገር ሰው መጥቶ ስድስታችንን ቀጠረና ወደ ሩቅ ምሥራቅ፣ ያረጁ የጦር መርከቦች ወደሚበለቱበት ወደብ ወሰደን። መበለት ያልኩት አውቄ ነው። እንደ በሬ ነው የሚበለቱት፤ ጎድኑ ለብቻ፣ ሆዱ ለብቻ።

ካየናቸው ሁሉ ትልቋ አውሮፕላን ተሸካሚ ነበረች። በጦርነቱ ዘመን ስንት አውሮፕላን ከጀርባዋ ተነሥቶ ተመልሶ አርፎባታል። ያኔ ስትመጣ ወደብ ሁሉ መድፍ ይተኩስላት ነበር አሉ። ጡረታ ስትወጣ ግን አንዲት ጎታች ጀልባ እየጎተተች አምጥታ ጭቃ ላይ ጣለቻት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ አራት መቶ ሰው ገባንባት። በስምንት ወር አለቀች። ብረቷ ምስማርም፣ ድስትም፣ ምላጭም ሆነ ብለውናል። እስከ ዛሬ ጢሜን ስላጭ እሷ ትመጣብኛለች።

ደሳለኝ ከአገሩ ሲወጣ የተሳለው ስለት ነበረበት፤ ለደብሩ ለቅዱስ ሚካኤል ደወል ሊያስገባ። ከመርከቢቱ ላይ፣ አውሮፕላኖቹ ይነሡበት ከነበረው ሜዳ፣ አንድ ዝርግ ብረት አሠሪውን አስፈቅዶ በምሳ ሰዓቱ መቁረጥ ጀመረ። ሲመቱት የሚጮኽ፣ ድምፁ ቶሎ የማይሞት ብረት ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ከታች ተጠራ፤ ሆዷ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ጋን ክፈት ተባለ። ጋኑ ባዶ ነው ብለውት ነበር፤ ባዶ አልነበረም። ደሳለኝን እዚያው ቀበርነው። የቀረውን ብረት እኔ ቆርጬ ጨረስኩትና ይዤ ተመለስኩ።

እናትና አባቱ አያውቁም። ደብዳቤ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ፤ ደግሞስ መርዶ በፖስታ ይላካል እንዴ? እናም በጥር ወር ሁለት ነገር ይዤ ተነሣሁ፤ ስለቱንና መርዶውን።

እስከ ደብረ ታቦር ያለውን ብዙ አልጽፍም። እስከ አስመራ በባቡር፣ እስከ ጎንደር በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና መጣሁ። ሊማሊሞ ላይ የአውቶቡሱ ረዳት ብረቱን አይቶ፣ «ጌታው፣ ገደሉ ራሱ አይበቃንም?» አለኝ። ከዚህ ሌላ የሚወራ የለም።

አንደኛ ቀን፤ ከደብረ ታቦር

ቢራራ የሚባል ባለበቅሎ አገኘሁ። ሁለት በቅሎ አለው፤ አንዷ ለኔ፣ አንዷ ለጓዝ። ብረቱን ሊያነሣ ጎንበስ አለና እንደገና ቀና አለ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የመርከብ ቁራጭ ነው።»

«እንደ ኖኅ መርከብ?»

«እንደ ኖኅ። እሷ የጫነችው ግን አውሮፕላን ነው።»

ቢራራ አማተበ። ወደ ጭነቷ በቅሎ ዞሮ፣ «እመቤት፣ ዛሬ ጉድሽ ፈላ» አላት።

መንገዱ የጉናን ግርጌ ይዞ ወደ ጋይንት ይሄዳል። እኛ ምጽዋ ጥር ሲመጣ እፎይ እንላለን፤ በዓመት አንዴ ሰው የምንሆንበት ወር ነው። እዚህ ጥር አጥንት ይሰብራል። ስስ ኮት ለብሼ ስንቀጠቀጥ ቢራራ አየኝና የገዛ ባናውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። «አንተስ?» ብለው፣ «እኔ ከዚህ ብርድ ጋር አብረን ነው ያደግነው» አለ።

ከቀትር በኋላ አንድ ወንዝ ስንሻገር ጭነቷ በቅሎ ተንሸራተተች። ጠፍሩ ተበጠሰና ብረቱ ከድንጋይ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ የጮኸው ጩኸት! ማዶ አውድማ ላይ ገብስ የሚወቁ ሰዎች ነበሩ። በሬዎቻቸውን አቁመው፣ ቆባቸውን አውልቀው አማተቡ። አንዱ እየሮጠ መጣ።

«የየት ደብር ነው የሚደወለው?»

«ደብር አይደለም፤ ወድቆብን ነው» አልኩት።

ብረቱን በእግሩ ነካ አደረገና፣ «ያሳዝናል። ከኛው ደብር ደወል ይሻላል» ብሎ ወደ ውቂያው ተመለሰ። ደሳለኝ ይህን ቢሰማ ኖሮ ሳምንት ሙሉ ያወራው ነበር።

ሊመሽ ሲል ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት «የእግዜር እንግዳ» ብለን ጠየቅን። ባለቤቶቹ ሽማግሌና ሚስታቸው ናቸው። ሴትዮዋ ውሃ አሙቀው እግሬን አጠቡኝ። በእድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት እግሬን ሲያሹ አፍሬ ባሸሸው፣ «ዝም በል፣ መንገድ የሠራውን የምናጥበው እኛ ነን» አሉኝ። እኛ ወደብ ላይ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው መቼ እንደሚሄድ ነው። የገብስ ቂጣ፣ የባቄላ አሹቅና ጠላ ቀረበ፤ እሳት ዳር ያለውን መደብ ለኔ ለቀው እነሱ ጥግ ያዙ።

የመርከቢቱን ነገር ነገርኳቸው። ሽማግሌው ስፋቷን ለመረዳት ተቸገሩ።

«ስንት አውድማ ትሆናለች?»

«አውድማዎቻችሁን ሁሉ ደርድሩልኝ፤ ገና ይተርፋታል።»

«አውሮፕላን የሚወቃባት አውድማ በለና! ስታረጅስ?»

«ይቆራርጧታል።»

ሴትዮዋ ሳቁ። «ያረጀ በሬ አርደን የምንበላ እኛ ብቻ መስለን ስናፍር! እናንተ መርከብ ትበሉ ኖሯል።»

ከዚያ የመጣሁበትን ነገር ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ደረታቸውን መቱ። ሽማግሌው እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ ለብቻህ እንዳትናገር» አሉኝ። «መርዶ የሚነገረው በጎሕ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ቀድሞ፣ ደጁን ሞልቶ ይገባል። ለብቻው የተረዳ ሰው ልቡ ይፈርሳል። መጀመሪያ ቄሱን አግኝ፤ እሱ ሰው ይሰበስባል።» በሚካኤል ስም ማልኩላቸው።

«የማን ልጅ ነው ያልከኝ?»

«የጓንጉል። አባቱ ቀጥቃጭ ናቸው አሉ።»

ሽማግሌው እጄን ለቀቁና እሳቱን ቆሰቆሱ። «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብለው ስለ ገብሱ ማውራት ጀመሩ።

ሁለተኛ ቀን፤ ነፋስ መውጫ

ነገሩ ሌት ሲከነክነኝ አድሮ ጠዋት ቢራራን ጠየቅሁት። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው አለኝ። ዓይኑ ይበላል፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። ሰው ማረሻውን ያሠራዋል እንጂ ቤቱ አይገባም፣ ከሞሰቡ አይቆርስም። በተለይ በውቂያ ሰሞን አጠገቡ አይደረስም፤ ዓይኑ ከአውድማው ላይ ካረፈ በረከቱ ይሸሻል።

«እኔስ ምን ልሆን ነው? እኔም ብረት ሠራተኛ ነኝ እኮ!»

«አያ በየነ፣ አንተማ ባለ ማሽን ነህ» አለ ቢራራ፤ ዓይኑን ግን ከዓይኔ አራቀ።

ደሜ ፈላ። ምጽዋ ላይ ካፒቴኖች ቆብ አውልቀው ሰላም ይሉኛል፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት በኔ ሙያ ይኮራሉ። ያቺን መርከብ የሠራት የፈረንጅ ቀጥቃጭ ነው፤ እሱን ማን ቡዳ አለው? ያኔ ነው የደሳለኝ ስለት የገባኝ። አባቱ ዱሮ ለደብሩ ደወል ልሥራ ብለው የቀጥቃጭ እጅ ያረፈበት አይሰቀልም ተብለው እንደተመለሱ አጫውቶኝ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣን ብረት ግን የሚመልስ የለም ብሎ ነው።

ነፋስ መውጫ ገበያ ላይ በቅሎዎቹን አሳረፍን። የከተማው ዘበኛ ብረቱን አይቶ የቦምብ ነገር ነው ብሎ ያዘን። ሰው ከበበን፤ አንዱ በዱላ ይመታዋል፣ አንዱ ጆሮውን ይለጥፍበታል። በመጨረሻ አንድ ደብተራ መጥተው አሸተቱትና «ባሕር ባሕር ይላል፤ ልቀቋቸው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አልፎ አልፎ ይሸተኝ ነበር። አንዲት ጠላ ሻጭ ከፀሐይ እንድንጠለል ዳሷን ለቀቀችልን፤ በዚያ ላይ ለመንገድ በሶ ቋጠረችልን። ይህን የመሰለ ሰው ጎረቤቱን እንዴት ይፈራል? ራሴን ስጠይቅ ውዬ ስጠይቅ አደርኩ።

ሦስተኛና አራተኛ ቀን፤ ወደ ስማዳ

ከጋይንት ወደ ስማዳ መንገድ አለ ማለት ይከብዳል። ቁልቁለቱን በቅሎዎቹ ተቀምጠው ነው የወረዱት ማለት እችላለሁ። ሁለት ጊዜ ብረቱን እኔና ቢራራ ተቀባብለን ተሸከምነው። ታች ሙቀቱ ሲመጣ ትንሽ ምጽዋ ምጽዋ አለኝ፤ ባሕሩ ብቻ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ገበሬዎች አውድማቸው ላይ ገለባ ዘርግተው አሳደሩን። ወዴት ነህ ሲሉኝ ወደ ሚካኤል ስለት ይዤ ነው አልኩ፤ ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

በአራተኛው ቀን ወገዳ ከተማን አልፈን ቀትር ላይ የደሳለኝ መንደር ደረስን። እንደማልኩት መጀመሪያ ወደ ደብሩ ገበዝ፣ ወደ ቄስ ውበቱ ሄድኩ። ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ ነው። ሰውየው መልካም ናቸው፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ብረቱን ሲያዩ በጣታቸው ኳ አደረጉት፤ ደወላቸው እስከ ዛሬ በገመድ የተንጠለጠለ የድንጋይ ዝርግ ነው።

«መርዶውን ነገ በጎሕ እናደርገዋለን» አሉ። «ሰው ሰብስቤ እመጣለሁ። እስከዚያ አንተ እንግዳ ሆነህ ግባ። ደህና ነው በል።»

ቢራራ ከጓንጉል ቤት መቶ እርምጃ ሲቀረን ቆመ። «እኔ ከቄሱ ዘንድ አድራለሁ፤ ሲሆን አንተም ከዚያ እህል አትቅመስ» አለኝና፣ ሳልፈልግ ከቡዳ ይጠብቅሃል ብሎ ጤና አዳም ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። ብረቱን በትከሻዬ ይዤ ለብቻዬ ገባሁ።

አቶ ጓንጉል ከወናፋቸው ኋላ ተቀምጠው ማረሻ ይሞርዱ ነበር። ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ፣ ክንዳቸው ግን የወጣት ነው። ሚስታቸው እማማ ስንዱ ሸክላ ይሠራሉ፤ እጃቸው በጭቃ እንደተለወሰ ሮጠው መጡ። የደሳለኝ ጓደኛ ነኝ፣ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ ስል እማማ ጉልበቴን አቀፉት።

«ልጄ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ይበላል?»

«ይበላል።»

«ዓሣ ነው የሚበላው አሉ። ኧረ ዓሣ ምን ይሆነዋል! ከሳ?»

«አልከሳም፣ እማማ።»

አቶ ጓንጉል ምንም አልጠየቁም። ብረቱን ከትከሻዬ ተቀብለው ብረት ከሚቀጠቅጡበት ከመስፋቸው አጠገብ አስቀመጡት። የልጃቸው ስለት መሆኑን ነገርኳቸው። ዳርና ዳሩን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ሄዱበት፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ተነሥተው ደጅ ወጡ። ከደስታ ብዛት መሰለኝ።

እሳቸው ሲመለሱ ምግብ ቀረበ። አልዋሽም፤ የመጀመሪያውን ስቆርስ እጄ ዘገየ። አርባ ዓመት ብረት የሠራሁ ሰው፣ በሦስት ቀን የሰማሁት ወሬ ጣቴን ያዘው። አቶ ጓንጉል አይተው ወደ ሌላ ዞሩ። በራሴ አፍሬ ጠግቤ በላሁ፤ ጤና አዳሙን እሳት ውስጥ ጣልኩት።

አምስተኛ፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ቀን

ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። አቶ ጓንጉል ቀድመውኝ ተነሥተው ደጁን እየጠረጉ ነበር። ጠርገው ሲያበቁ ሣር ጎዘጎዙ፤ ቁርበትም አወጡ። የአገሩ ልማድ ነው ብዬ እኔም ቁጭ ብዬ የቄስ ውበቱን መምጣት ጠበቅሁ። ፀሐይ ወጣች፤ ማንም አልመጣም። አቶ ጓንጉል ቁርበቱን አጥፈው ወደ ወናፋቸው ገቡ።

ረፋድ ላይ ሰዎች መጡ፤ መርዶ ነጋሪዎች ግን አልነበሩም። ማረሻና ማጭድ አጥር ላይ እየጣሉ ራቅ ብለው ይቆማሉ። «ጓንጉል፣ ቶሎ በል እንጂ!» ይላቸዋል የልጅ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ። ሽማግሌ ሲያይ አንቱ የሚል አገር እሳቸውን አንተ ይላቸዋል።

ወደ ቄሱ ሄድኩ። «እህሉ ደጅ ነው፤ ሰው አውድማውን ጥሎ መምጣት ከበደው። ነገ» አሉኝ። በማግስቱም አቶ ጓንጉል ደጁን ጠረጉ፣ ሣር ጎዘጎዙ፣ ቁርበት አወጡ። ያን ቀንም ማንም አልመጣም። እማማ ስንዱ ለልጃቸው የሚላክ ሽሮና ድልህ፣ የተለወሰ በርበሬ፣ ሲያዘጋጁ ዋሉ፤ ድልሁን ትንሽ ማሰሮ ውስጥ አሽገው፣ «ዓሣውን በዚህ ይብላው» ብለው ሰጡኝ። ማሰሮዋን ይዤ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ያን ቀን ቄሱን አፋጠጥኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። «ለመንኳቸው፣ ልጄ። ሁሉም ያዝናል። ግን ከጓንጉል ደጅ ደርሶ ወደ አውድማው መመለስ የሚደፍር አጣሁ።»

«እርስዎስ፣ አባ?»

«ለብቻዬ መርዶ አይሆንም። ልማዱ ሰው ይፈልጋል» አሉኝ። በዚያች ሰዓት መስቀላቸውን ሳልሳለም ነው የወጣሁት።

በሰባተኛው ቀን ጎሕ ላይ አቶ ጓንጉል ደጁን ጠርገው፣ ሣሩን ጎዝጉዘው፣ ፀሐይ እስክትወጣ ከቁርበቱ ዳር ቆሙ። እማማ ስንዱ ውሃ ሊቀዱ ወርደው ነበር። ሽማግሌው ወደ ውስጥ ጠሩኝና ብረቱን ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ይህ በእሳት የተቆረጠ ነው» አሉኝ። «ከዚህ እስከዚህ የልጄ እጅ ነው። ማጭድ ሳስተምረውም እንዲህ ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚሠራው። ከዚህ ወዲያ ያለው የሌላ ሰው ነው። ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብለሃል። ጥሩ ሙያተኛ ነህ ማለት ነው። ያስተማረ ሰው እጁ ብረት ላይ እንዲህ የሚንቀጠቀጠው ምን አግኝቶት ነው?»

ጎንበስ አልኩ። አየሁት፤ ዳሩ እስከ መሐል ቀጥ ብሎ መጥቶ ከዚያ ወዲያ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል ይገባል። አርባ ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬ ያን ያህል የከፋ መስመር ቆርጬ አላውቅም። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር የቆረጥኩት።

«የመጣህ ዕለት አውቄዋለሁ» አሉ አቶ ጓንጉል።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ሰው ይመጣልኛል ብዬ። ከቄሱ ዘንድ ሄደህ እንደነበር ሰምቻለሁ። ለሞተ ሰው እንኳ ይመጣሉ ብዬ ሦስት ጎሕ ደጄን ጠርጌ ጠበቅኋቸው።»

እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ምን ይሻላል አልኳቸው።

«እኔስ ለብቻዬ ተረድቻለሁ፤ ብረት ነገረኝ። ስንዱን ግን ለብቻዋ አላረዳትም። ልቧ አይችለውም» አሉና ብረቱን ተሸክመው ተነሡ።

ላግዝዎ ብል እምቢ አሉኝ። ዳገቱን ወጥተው ከሚካኤል ቅጽር ውጭ ካለው ወይራ ላይ በሰንሰለት ሰቀሉት፤ መዶሻቸውን አነሡና መቱት። ጌታ ሆይ፣ ያ ድምፅ! ሸለቆውን ሁሉ ሞላው። ሰው ሌላ ጊዜ የማይደወል ደወል ሲሰማ እሳት ወይም ሽፍታ ነው የሚመስለው። ከየአውድማው መንሹን እንደያዘ ሮጦ መጣ፤ ቄስ ውበቱም፣ ቢራራም። ደጀ ሰላሙ ሲሞላ አቶ ጓንጉል መዶሻውን አወረዱ።

«ይህ የልጄ የደሳለኝ ስለት ነው፤ ለሚካኤል አስገብቻለሁ። ልጄ ባሕር ማዶ ሞቷል። መርዶ የሚነግረኝ ባጣ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው የጠራኋችሁ። እናቱ አልሰማችም። የሚያረዳልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሴቶች እዬዬ አሉ። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አንዱ፣ «በሬዎቼን አውድማ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት» አለ፤ ሌላውም እንዲሁ። አንድ አንድ እያሉ እያለቀሱ ወረዱ። እያለቀሱ ነው የሄዱት፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐሰት ይሆናል። ከቆሙት መጀመሪያ ወደ ሽማግሌው የተራመደው ቢራራ ነው። መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ። ቀጥለው ቄስ ውበቱ መስቀላቸውን ይዘው ቀደሙ። ወደ ጓንጉል ቤት ስንወርድ ዞሬ ቆጠርኩ። ከኔ ጋር አሥራ አንድ ነበርን።

እማማ ስንዱ እንስራቸውን አዝለው ከወንዝ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ሰው ቆሞ አዩ። መናገር አላስፈለገም። በዚያ ደጅ ሰው የሚቆምበት ሌላ ምክንያት እንደሌለ ያውቃሉ። እንስራው ከጀርባቸው ወደቀ።

መመለሻ፤ በእስቴ በኩል

ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀምጬ፣ ፍትሐቱ ከተደረገ በኋላ ተነሣሁ። አቶ ጓንጉል እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ሦስት ቀን ያመቅሁት ቁጣ እዚያ ገነፈለና አገራቸውን ረገምኩት። እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉ።

«ተው፣ ልጄ። ለአገሬ ሰው ክፉ እንዳትናገር። አሥራ አንድ ሰው መጣልኝ እኮ! ያ ደጅ ከተሠራ ጀምሮ ያን ያህል ሰው ቆሞበት አያውቅም።»

ሁለት ቀን ተጉዘን እስቴ ገባን። መካነ ኢየሱስ ላይ ያሳደሩን ባልና ሚስት ደጎች ናቸው። አልጋቸውን ለቀቁልን፤ የቆሰለውን እግሬን ቅቤ ቀቡኝ። ቢራራ ከአንድ ገበታ ከኔ ጋር ሲበላ ስለ ጓንጉል ቤት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰውየው ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ከልቅሶ አልኳቸው፤ ከስማዳ፣ አንድ ወጣት ሞቶ። ከንፈራቸውን መጠጡና እዚያ አገር ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቁኝ።

«ልቅሶው ደመቀ?»

ቢራራ አየኝ። የሽማግሌው እጅ አፌ ላይ ያለ ያህል ሆነብኝ።

«ደመቀ» አልኳቸው።

እስቴ ላይ ዋሽቻለሁ። አሁን ምጽዋ ቤቴ ተቀምጬ፣ ያቺ የድልህ ማሰሮ ጠረጴዛዬ ላይ እንደታሸገች፣ እውነቱን ጻፍኩ። አቶ ጓንጉል ማንበብ አይችሉም፤ የሚያነብላቸውም ሰው ከቤታቸው አይገባም።